ዋና ሥራ አስኪያጅ ያደረገኝ ፕሮግራም

ገዳሪፍ ውስጥ ወርሻ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ጩኸት ይሰማል፤ የሞተር ጩኸትና የሰልፊያ ጩኸት። ወርሻ የምንለው ጋራዡን ነው። ሰልፊያ ደግሞ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይደርስ የሚበደራት ገንዘብ ናት። ቃሏ አረብኛ ናት፤ ግን እኛ አበሾች ከባለቤቶቿ አብልጠን ተላምደናታል። የሞተር ጩኸት መፍቻ ሲያገኝ ዝም ይላል። የሰልፊያ ጩኸት መፍቻ እስካሁን አልተሠራለትም።

እኔ ትራክተርና ኮምባይነር እጠግናለሁ። ማለቴ ድሮ እጠግን ነበር። አሁን የሚጠግኑት ሠራተኞቹ ናቸው፤ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ የእነሱን ላብ በዓይኔ እጠርጋለሁ። እዚያ ስቀመጥ ነው እንግዲህ አንድ በአንድ የሚመጡብኝ። የእኛ ሰው ሰልፊያ ሲጠይቅ ደግሞ በቀጥታ አይጠይቅም። መጀመሪያ ጤንነቴን ይጠይቃል። ቀጥሎ ልጆቼን። ቀጥሎ ዝናቡን። ከዚያ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ናት ሰልፊያ። ዝምታዋን ለመስበር ስል ስንት ገንዘብ እንዳወጣሁ ባለቤቴ ዘነቡ እንዳትሰማ እንጂ ለእናንተስ በነገርኳችሁ።

ከሰልፊያው ጋር ፈቃድ አለ። ፈቃድ ደግሞ ታሪክ አለው። ጎሚስታችን አደም፣ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ የአንዲት ቀን ፈቃድ ለመጠየቅ ከአያቱ ግመል መጥፋት ይጀምራል። ግመሏ ሳትገኝ ፈቃዱ አይጠየቅም። በዚህ መካከል አንዱ ገበሬ «ጎማዬስ?» እያለ ይጮሃል። ጎማውን የሚሞላው ሰው ግን አሁንም ግመሏን እየፈለገ ነው።

ታዲያ አንድ እሑድ ማኅበር ላይ አንድ የአገራችን ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ። የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ልጅ ነው። «እኛ ጋ ደመወዝም ፈቃድም በስልክ ነው። ሠራተኛው ራሱ ገብቶ ይጠይቃል፣ ራሱ ያያል፣ ራሱ ይጨርሳል። ሰው ከሰው አይጨቃጨቅም» አለኝ።

ሰው ከሰው አይጨቃጨቅም! ጠላው እጄ ላይ ቀረ። መንግሥተ ሰማያት እንዲህ ያለች መሆን አለባት አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፕሮግራም ፈላጊ ሆንኩ። ሚስት ስፈልግ እንኳ እንደዚያ አልደከምኩም፤ ዘነቡን ያገኘኋት የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ልጠግን ሄጄ ነው።

የመጀመሪያውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። ነጻ ነው ይላል። ነጻ የሚል ነገር ስታዩ ሽሹ የሚለውን ምክር እኔም ለሌላ ሰው ስሰጥ ኖሬያለሁ። አገርህን ምረጥ አለኝ፤ ሱዳን አልኩት። ይቅርታ፣ በአካባቢዎ አገልግሎት አንሰጥም አለኝ። ሰው እምቢ ሲባል በጓሮ በር እንደሚዞር ሁሉ እኔም ዝርዝሩን ወረድ ብዬ ከሱዳን ብዙ የማይርቅ ስም ነካሁ፤ ስዊድን ሆነ። ወዲያው በደስታ ተቀበለኝ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ሠራተኞቼን ሁሉ ስዊድናዊ አድርጎ ያስተዳድራቸው ጀመር። ለበረዶ ልብስ ያስባል። ሚስቱ ለወለደች አባት የወራት እረፍት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። አደም ይህን ሲሰማ ሚስቱ እርጉዝ መሆኗን በዚያው ቀን አበሰረን። ፕሮግራሙን በዚያው ምሽት ሰረዝኩት።

ሁለተኛውን በስልክ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ነገረኝ። ድምፁ ቅቤ የተቀባ ነው።

«ድርጅትዎ ስንት የሥራ ክፍል አለው?» አለኝ።

ዞር ዞር አልኩና ወርሻውን አየሁት። «ሁለት» አልኩ። «ጥላው ሥር የሚሠሩና ፀሐይ ላይ የሚሠሩ።»

ዋጋውን ሲነግረኝ ነገሩ ገባኝ፤ ወርሻውን ሸጬ ወርሻውን የሚያስተዳድር ፕሮግራም መግዛት ነው። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ሦስተኛው በእግሩ መጣ። ሙንዚር ይባላል፤ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው ወጣት መሐንዲስ ነው። እዚህ አገር መሐንዲስን «ባሽመሃንዲስ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ እኔም እንደዚያው ስጠራው ይደሰት ነበር። ቤቱንም ቢሮውንም ጥሎ ሲወጣ ያተረፈው ላፕቶፑን ብቻ ነው። ለጄኔሬተር ቀበቶ ሊጠይቅ መጥቶ የእኔን ችግር ሰማና በማግስቱ ላፕቶፑን በዘይት በርሜል ላይ ከፈተልኝ። ራሱ የሠራው ፕሮግራም ነው። መስኮቱ ሲበራ የወርሻዬ ስም በአረንጓዴ ወጣ። ከሥሩ የእኔ ስም። ከስሜ ሥር «አል ሙዲር አል ዓም»። ዋና ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው።

ምርጫው እዚህ ላይ አለቀ። ሙንዚር ግን ምስኪን ገና ማስረዳቱን ቀጠለ፤ ደመወዙ እንዴት እንደሚሰላ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን፣ ሠራተኛው ከስልኩ እንዴት እንደሚጠይቅ። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ ስሜን አነባለሁ። ይኸው ነው ጸጸቴ። ሰው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ መኪና ሲገዛ ጭሱን ያያል፤ እኔ ፕሮግራም ስገዛ ያየሁት ራሴን ነው።

ለዘነቡ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አላቆመችም።

«ለሠራተኞቹ አሳየኻቸው?»

«ይለምዱታል።»

«አያ ተገኘንስ አማከርከው?»

«እሱ ብየዳ እንጂ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል?»

«አንተስ?» አለችኝ።

አያ ተገኘ በያጃችን ነው። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል። ከመተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ተሻግሮ፣ አጨዳው ሲያልቅ ወርሻው ውስጥ ቀረ። ሚስቱና ልጆቹ ግን ከድንበሩ ማዶ፣ መተማ ናቸው። ዝምተኛ ነው፤ ቃል ሲያወጣ ከብረት የሚቆርጥ ነው የሚመስለው። ሰልፊያ ጠይቆኝ አያውቅም። ፈቃድ ሲፈልግ መጥቶ አጠገቤ ይቆማል፤ እኔ «ሂድ» እላለሁ፤ ይሄዳል። የሁለታችን ፕሮግራም ይኸው ነበር፤ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ባትሪ አይጨርስም።

ምዝገባው ተጀመረ። ፕሮግራሙ አራት ስም ይፈልጋል፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት። አደም ስድስት ጠርቶ ሁለቱን ቀነሱበት። የእኛዎቹ ግን ከአያት በላይ ሲጠየቁ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። በዚህ ላይ ጽሕፈቱ በአረብኛ ነው። አረብኛ «ኘ» የለውም፤ «ገ»ንም እዚህ አገር የሚጽፉት በ«ቃፍ» ነው። ተገኘ የሚለው ስም በዚህ ሁሉ አልፎ ሲወጣ «ተቅኒ» ሆነ። ተቅኒ ማለት ደግሞ ቴክኒካዊ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ፣ ክቡር ቴክኒካዊ» ይለዋል። አያ ተገኘ ስልኩን ያየዋል፣ እኔን ያየኛል፣ ወደ ብየዳው ይሄዳል።

ቀጥሎ መግቢያና መውጫ መጣ። ሠራተኛው ሲገባ ፊቱን ለስልኩ ያሳያል፣ ሲወጣም ያሳያል። ጠዋት ሁሉም ፊታቸውን ታጥበው ይመጣሉ፤ ስልኩ ያውቃቸዋል። ማታ ግን በዘይትና በጥላሸት ጠቁረው ሲወጡ «ይህን ሰው አላውቀውም» ይላል። ስለዚህ እንደ ፕሮግራሙ አቆጣጠር ሁሉም ገብተዋል፣ ማንም አልወጣም። ሳምንት ሳይሞላ ለእያንዳንዳቸው «ያለ እረፍት ብዙ ሰዓት ሠርተዋል፤ እባክዎ ጤናዎን ይጠብቁ» የሚል መልእክት መጣላቸው። አደም መልእክቱን ይዞ «ሙዲር ዓም ራሱ እረፍ ብሎኛል» እያለ ጎማ ላይ ተኛ።

ያም ሆኖ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁሉንም ሰብስቤ ንግግር አድርጌያለሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ለሰልፊያም፣ ለፈቃድም፣ ለምንም ወደ እኔ በአፍ አትምጡ። ስልካችሁ ላይ ጠይቁ። የሠለጠነው ዓለም እንዲህ ነው የሚኖረው» አልኩ። የሠለጠነውን ዓለም እንደማውቀው ሁሉ!

የመጀመሪያውን ቀን ማንም ሳይመጣብኝ ዋልኩ። ደስ አለኝ። ሁለተኛውም ቀን ደስ አለኝ። በሦስተኛው አደምን ጠርቼ «ልጆች ደህና ናቸው?» ብዬ እኔው ጀመርኩት።

«አፑ ላይ አለ፣ መዓሊም» አለኝ። መዓሊም ማለት የወርሻ አለቃ ማለት ነው።

«የአያትህ ግመልስ?»

«እሷን የሚጽፉበት ቦታ የለውም» ብሎ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግመሏ ናፈቀችኝ።

ስልኬ በበኩሉ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ይውል ጀመር። አንዱ ሰልፊያ ሲጠይቅ ይጮሃል፣ ሲፈቀድለት ይጮሃል፣ አመሰግናለሁ ሲል ይጮሃል። ስለዚህ ድምፁን ዘጋሁት። ይህቺን ያዙልኝ፤ ድምፁን ዘጋሁት።

የፈረንጆቹ ጃንዋሪ አንድ መጣ። እኛ የስደተኛ ካርድ ያለን ሰዎች ሁላችንም የተወለድነው ጃንዋሪ አንድ ነው። ካርዱን የሚሞላው ሰው የልደት ቀን ሲጠይቅ የእኛ ሰው «እናቴ በቆሎ ስትኮተኩት ነው» ይለዋል። ጸሐፊው በቆሎ የሚጽፍበት ቦታ ስለሌለው ጃንዋሪ አንድ ብሎ ይገላገላል። አደምም የገጠር ልጅ ነውና የእሱም እንደዚሁ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ደግ ነው፤ ለተወለደ ሰው ይደሰታል። በዚያች ጠዋት ለሁሉም «እንኳን ተወለዱ! የልደት ቀንዎን ከቤተሰብዎ ጋር እንዲያሳልፉ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቅጃለሁ። ሙዲር ዓም» ብሎ ላከ።

ወርሻው ስደርስ ድመቷ ብቻ ናት ያለችው። ወቅቱ የማሽላ ወቅት ነው፤ ኮምባይነር አንድ ቀን ቆመ ማለት ማሽላው ወፍ በላው ማለት ነው። ከባሱንዳ አንድ ትልቅ ገበሬ፣ የዓመታት ደንበኛዬ፣ ኮምባይነሩን አስጎትቶ ከተፍ አለ። ጀላቢያውን ሰብስቦ ወረደና ባዶውን ግቢ አየው።

«ሠራተኞችህ የት አሉ?»

ምን ልበለው? «ዛሬ ተወልደው ነው» አልኩት።

ኮምባይነሩን እንደገና አስጎትቶ ወደ ሌላ ወርሻ ሄደ። ዳግመኛም አልተመለሰ። የእኔም ደም አናቴ ላይ ወጣ። ሙንዚር ጋ ደወልኩ።

«ዝጋው!»

«ምኑን ልዝጋው?»

«ፈቃድ የሚባለውን ሁሉ! ማሽላው ተወቅቶ እስኪያልቅ ማንም፣ ለምንም ነገር ፈቃድ እንዳያገኝ!»

«ለሐዘንስ?»

«ማሽላው ሳያልቅ ማንም እንዲሞት አልፈቅድም!»

ሙንዚር ቀስ ብሎ የሚያስብ ልጅ ነው። «እሺ። የጠየቀ ሰው ሲኖር ፕሮግራሙ በራሱ እምቢ ይበል? በአንተ ስም?»

«በእኔ ስም ይበል!» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። ማታ እራቴን ስበላ ንዴቴ በረደ። የዘጋሁትንም ነገር አብሬ ረሳሁት።

ጥር ገባ። ጥምቀት አለፈ። አንድ ጠዋት አያ ተገኘ ጢሙን ተላጭቶ፣ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሸሚዙን እንደለበሰ ቱታውን ከላይ አጠለቀና የተሰነጠቀ የማረሻ ብረት መበየድ ጀመረ። ነጯ ኮሌታ ከቱታው ውስጥ ብቅ ብላለች። እኔም ሥራ የፈታሁ ሰው ነኝና ቀልድ ፈለግሁ።

«አያ ተገኘ፣ ምነው ዛሬ? ሙሽራ መሰልክሳ!»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «አይ መዓሊም። ሙሽራዋስ ልጄ ናት።»

«እሰይ! እልል በል! መቼ ነው ታዲያ?»

«ዛሬ።»

የሰማሁት አልመሰለኝም። «ዛሬ ዛሬ?»

«ዛሬ ነዋ። መተማ፣ እናቷ ዘንድ።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

አየኝ። እዚያ ወርሻ ውስጥ ስንቱን ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ቁጣ አይደለም። ልጅ የሚቀጣበትን ዱላ ራሱ ቆርጦ እንዲያመጣ ታዝዞ፣ ሲያመጣው ደግሞ ለምን አመጣኸው ሲባል እንደሚያየው ዓይነት ነው። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የመስታወቱ ስንጥቅ እንደ ሸረሪት ድር ነው፤ የብየዳ ጣቱ ደንድኖ ስልኩ አልሰማ ስለሚለው በጣቱ ጀርባ እየነካ ከፈተልኝ። ጥያቄውን የጻፈለት አደም ነው፤ «የልጄ ሰርግ» ይላል። ከሥሩ የእኔ መልስ፦ «ጥያቄዎ በሙዲር ዓም ታይቶ ውድቅ ሆኗል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» ደግሞ ጠይቋል። ደግሜ መልካም ቀን ተመኝቼለታለሁ።

«አያ ተገኘ፣ ለምን በአፍህ አልነገርከኝም?» ብዬ ጮህኩ።

«በአፍ አትምጡ አልክ።»

አደም ከጎማው ላይ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። «መዓሊም አውቀህ ነው ብለን ነው እኮ» አለኝ። «ማሽላው ስላላለቀ።»

ቤቴ ከወርሻው ጀርባ ነው። ዘነቡ ጩኸቴን ሰምታ ወጣች፤ ነገሩን በሁለት ቃል ሰማችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስድቡን ቁጭ ብዬ ነበር የምቀበለው። «መኪናውን አስነሣ» አለችኝ። «ስድቡን ስትመለስ ትሰማዋለህ።» ሮጣ ገብታ ለሙሽራዋ ያልተለበሰ የራሷን ነጠላ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችና አያ ተገኘ ጉያ ውስጥ ከተተችው። ቱታውን አስወለቅነው። እሱ እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ይታዘዘናል።

መካኒክ የራሱን መኪና እንደማይጠግን ታውቃላችሁ። የእኔ ቦክሲ፣ ፒክአፕ መኪናዬን ማለቴ ነው፣ ሠራተኞቼ ሁሉ ሲያልፉ ሲያገድሙ የሚሳለቁባት ናት። ያም ሆኖ ተነሣች። ከከተማው ስንወጣ በሁለቱም ወገን የታጨደ ማሽላ ነው፤ ኮምባይነሮቹ አቧራ ለብሰው ይንቀሳቀሳሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ የማን፣ ያ የማን እያልኩ እቆጥር ነበር። ያን ቀን ማሽላውን ማየት አስጠላኝ።

«ስንት ሰዓት ነው ሙሽራዋ የምትወጣው?» አልኩት።

«ከምሳ በኋላ። መንገዱ ሲመሽ ጥሩ አይደለም። የሙሽራው ቤተሰቦች በጊዜ መግባት አለብን ብለዋል።»

«እንደርሳለን።»

የተጠቀለለውን ነጠላ ጉያው ውስጥ ጠበቅ አደረገ።

ኬላ ላይ ወታደሩ አስቆመን። ወረቀት አየ፣ ሸሚዙን አየ፣ «የት ነው?» አለ። በአረብኛ ነገርኩት፤ ይህ ሰው የሙሽራዋ አባት ነው፣ ሰርጉ ዛሬ ነው አልኩት። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ በመስኮት ተመለከተው። «የሙሽራዋ አባት? አሁን? ከገዳሪፍ?» አለና በእጁ የመኪናውን በር መታው። «ያላ! ያላ! ምን ትጠብቃላችሁ!» ኬላ ላይ ሰው እንዲህ ሲቸኩልልኝ የመጀመሪያዬ ነው። የጎዳኝም እሱ ነው፤ አንድ የማያውቀን ወታደር በአንዴ የገባውን ነገር እኔ ስንት ሳምንት አልገባኝም።

ዶካ የምትባለውን ከተማ አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከሞተሩ ነጭ ጭስ ተነሣ። የራዲያተሩ ማኒኮቶ፣ ውሃ የሚያመላልሰው ቱቦ፣ ፈንድቷል። ወረድኩ። «አንተ እንዳትነካ! ሸሚዝህ!» ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። መፍቻ ከያዝኩ ቆይቻለሁ፤ ዋና ሥራ አስኪያጅ መፍቻ አይይዝም። ክላምፑን ስፈታ እጄን አቃጠልኩ፤ ብሎኑን ጣልኩት፤ ብሎኑን ስፈልግ ግንባሬን መታሁ። አያ ተገኘ መንገድ ዳር ቆሞ ፀሐይዋን ያያል፣ እኔን ያያል። መጨረሻ ላይ አልቻለም። መጣና ከእጄ ተቀበለኝ። የተቀደደውን ቆረጠ፣ የቀረውን ስቦ አሰረ፣ የመጠጥ ውሃችንን ሁሉ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረ። ቀና ሲል ነጩ ሸሚዝ ደረቱ ላይ በዘይት ታትሟል። ሁለታችንም አየነው። ለማጥፋት በእጄ ባብስለት ይበልጥ ተስፋፋ።

«ተወው» አለኝ። «ሰርጉ ላይ ማን ያየዋል?»

ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም።

ገላባት ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ከዚያ ማዶ መተማ ናት፤ ድልድዩ ነው የሚለየን። የአያ ተገኘ ስልክ የኢትዮጵያን ኔትወርክ ያዘና ወዲያው ጮኸ። ባለቤቱ ናት። ጥሩዬ ትባላለች፤ ድምፅዋ ለእኔም ይሰማል።

«የት ነህ?»

«ገላባት። ደርሻለሁ።»

ከኋላዋ እልልታና ከበሮ ይሰማል፤ ግን የቀጠነ፣ የሰርገኛው ግማሽ የሄደ ዓይነት ነው።

«ወጣች እኮ» አለች። «ጠበቅን፣ ጠበቅን። መንገዱ ይመሽብናል አሉ። የአጎቷን ጉልበት ስማ ወጣች። ‘አባዬ ይመጣል፣ ትንሽ ቆዩ’ ስትል ነበር።»

«እሺ» አለ አያ ተገኘ። «እሺ። ደግ አደረጋችሁ።»

ከማዶ የመኪና ክላክስ ተሰማ፤ ሰርገኛ እንደሚነፋው ተከታትሎ፣ እየራቀ። የእሷ ይሁን የሌላ ሰርግ አላወቅንም። በጥር ሰርግ ብዙ ነው።

መሻገሪያው ላይ ያለው ፖሊስ ሰንሰለቱን እየሳበ ነበር። ለመንኩት፤ ሚስቴን፣ ማሽላውን፣ ፕሮግራሙን፣ ሁሉንም አወራሁለት። በትዕግሥት ሰማኝ። «ቡክራ» አለ። ነገ። ለክፋት አይደለም፤ ሰዓቱ አልፏል፣ ሥራው ነው።

ሌሊቱን አልተርክላችሁም። በማግስቱ ማለዳ ሰንሰለቱ ሲከፈት አያ ተገኘ ፊቱን ታጠበ፤ የዘነቡን ነጠላ ደረቱ ላይ አጣፍቶ የዘይቱን እድፍ ሸፈነበት። ለሙሽራዋ የተላከውን ነጠላ አባቷ ለብሶላት ሊሄድ ነው። መልሱ ግን ገና ነው፤ ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር ወደ እናት አባቷ ቤት የምትመለስበት ድግስ። ያን ጊዜ ጉልበቱን ትስማለች፣ ይመርቃታል። እኔም ይህንኑ ይዤ ልጽናናበት ሞከርኩ።

«መልሱ አለ እኮ፣ አያ ተገኘ።»

«አለ።»

«ይቅር በለኝ። ፕሮግራሙ ነው። እኔ አላየሁትም፤ እግዜር ያውቃል አላየሁትም። ብትነግረኝ ኖሮ ሂድ እልህ ነበር። ታውቀኛለህ።»

ቃሉን ከብረት የሚቆርጥ ሰው ነው ብያችኋለሁ።

«እኔን የከፋኝ መከልከልህ አይደለም፣ መዓሊም» አለኝ። «መልእክቱን ያነበበልኝ አደም ‘ይኼ መዓሊም ሊሆን አይችልም፣ ሂድና ጠይቀው’ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ‘እሱ ነው’ ብዬ አደምንም ያሳመንኩት። አምኜው ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ፣ ያደርገዋል ብዬ አመንኩ። ለምን እንዳመንኩ ነው ያልገባኝ።»

ይህን ብሎ ድልድዩን ተሻገረ። ወደ ኋላው አልዞረም።

ገዳሪፍ እንደገባሁ ዘነቡ ያስቀመጠችልኝን ስድብ አላወጣችም፤ ፊቴን አይታ ይሆናል። ሙንዚርን ጠርቼ ፕሮግራሙን እንዲያነሳው ነገርኩት። «ፕሮግራሙ ምን አጠፋ? ያልከውን ነው ያደረገው» አለኝ፤ ክርክር አልነበረም፣ አዝኖ ነው። እውነቱን ነው። ደመወዙን የምታሰላዋን ክፍል ብቻ ተወልኝ፤ እሷ እስካሁን ትሠራለች፣ ደህና ናት። ሌላው ሁሉ ጠፋ። ለሠራተኞቹም «ከእንግዲህ የፈለጋችሁትን በአፋችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ሌላ ንግግር አደረግሁ። ይህኛው አጭር ነበር። አደም በማግስቱ መጥቶ ጤንነቴን ጠየቀ፣ ልጆቼን ጠየቀ፣ ዝም አለ። ሰልፊያውን ከጠየቀው በላይ ሰጠሁት።

አያ ተገኘ ከመልሱ በኋላ ተመለሰ። ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ፤ ወርሻው ውስጥ ቆረሰና ለሁሉም አደለ። ለእኔ ያደረሰኝ ከሁሉም ይተልቃል። ልጁ ጉልበቱን ስማለች፤ አልቅሳለች፤ እሱም መርቋታል። «ሲመርቁ በጊዜው ነው እንጂ» አለና ሌላ አልጨመረም። ሥራውን እንደ ወትሮው ይሠራል። ቂም የሚባል ነገር ፊቱ ላይ አይታይም፤ ፈልጌ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ውሃ ሊጠጣ ሲል ብየዳውን ያስቀምጥና ይመጣል። አጠገቤ ይቆማል። «ውሃ ልጠጣ ነበር፣ መዓሊም፤ ይፈቀድልኛል?» ይለኛል። አደም ይስቃል። ሌሎቹም ይስቃሉ። ቀልድ ይሆናል ብዬ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እሱ ግን አይስቅም፤ «ሂድ» እስክለው ድረስ ከቆመበት አይነቃነቅም።